ኃይል፣ ቮልት፣ ተሳቢ፦ በተጎታች መኪና መብራት ላይ የተፈተኑ የሙያ ቃላት

የአንድ የሙያ ቃል ብቃት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በስብሰባ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። ሥርወ ቃሉ ይመረመራል፤ ለርባታ መመቸቱ፣ ለአነጋገር መቅለሉ ይታያል፤ ከግእዝ ይውጣ ወይስ ከውጭ ቋንቋ ይወረስ የሚለው ክርክር ይካሄዳል፤ በመጨረሻም ቃሉ ጸድቆ በመዝገብ ይሰፍራል። ይህ አሠራር ተገቢ ቢሆንም ቃሉ የሚፈተንበት ሌላ፣ እጅግ የጠበቀ ሸንጎ አለ። ይኸውም ቃሉን አንብቦ፣ ያነበበውንም አምኖ፣ በእጁ ሥራ የሚሠራው ባለሙያ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጕዳይ ከላይ ሲያዩት አነስተኛ ይመስላል። አንድ ባለ 24 ቮልት የጭነት መኪና አንድ የተበላሸ ባለ 12 ቮልት አውቶሞቢል እየጎተተ በሌሊት ይጓዛል እንበል። ከኋላ የሚመጣው ነጂ በቅርብ የሚያየው የአውቶሞቢሉን ጀርባ እንጂ የጭነት መኪናውን መብራት አይደለም። ስለዚህ የፊተኛው ነጂ ፍሬን በያዘና ፍሬቻ ባሳየ ጊዜ ይኸው ምልክት በሚጎተተው አውቶሞቢል ጀርባ ላይ መታየት አለበት። ለዚህም ከአንዱ ወደ ሌላው ሽቦ ይዘረጋል። ችግሩ ሁለቱ መኪናዎች የሚሠሩበት ቮልት አንድ አለመሆኑ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለዚሁ ሥራ የተጻፈ አንድ አጭር መመሪያ ተተርጕሞ ለእርማት ቀርቦልን ነበር። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ፦ «የተሳቢውን መብራት ከጎታቹ መኪና ኃይል ጋር ያገናኙ፤ ኃይሉ እኩል መሆኑን ያረጋግጡ» ይል ነበር። እኛም «ሀይል» ተብሎ የተጻፈውን «ኃይል» ብለን አቃንተን አሳለፍነው። መመሪያው በአንድ የጋራዥ ግቢ ሲሞከር ሠራተኛው የሁለቱንም መኪናዎች አምፖሎች ነቅሎ አነበበ። በሁለቱም ላይ «21 ዋት» የሚል ተጽፏል። ኃይሉ እኩል ነው ብሎ አገናኘ። የአውቶሞቢሉ አምፖሎች አንድ ጊዜ ነጭ ብርሃን ብልጭ አድርገው ጠፉ። ሠራተኛው አልተሳሳተም፤ ያደረገው የተጻፈውን ነው። የፊደሉን ግድፈት አርመን የትርጕሙን ግድፈት ያሳለፍነው እኛ ነን። ሙከራው የተደረገው በቀን፣ በቆመ መኪና ላይ በመሆኑ ጕዳቱ ከጥቂት አምፖሎች አላለፈም። በሌሊት በአውራ ጎዳና ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ምን ሊከተል እንደሚችል ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። ከዚህ በታች የምናቀርበው ከዚያ ስሕተት የተገኘ ትምህርት ነው።

ሀ. የሚጎተተው ምንድን ነው?

«ተሳቢ» ለሰዋስው መምህር የባለቤቱ ድርጊት የሚያርፍበት ስም ነው። ለሥነ ሕይወት መምህር እባብንና እንሽላሊትን የሚያጠቃልል የእንስሳት ክፍል መጠሪያ ነው። ለከባድ መኪና ነጂ ደግሞ ከጭነት መኪናው በስተኋላ የሚቀጠለው ሞተር አልባ ተሽከርካሪ ነው። ሦስቱም «ሳበ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። «ተሳበ» በአንድ በኩል «በሌላ ተጎተተ»፣ በሌላ በኩል «ራሱን እየጎተተ ሄደ» የሚል ፍች ስላለው ቃሉ ለሁለቱም ወገን ተስማምቷል። ዐውዳቸው የተለያየ ስለሆነም እርስ በርሳቸው አይምታቱም።

መምታታቱ የሚመጣው በአንድ ሙያ ውስጥ ነው። በጠቀስነው መመሪያ የተበላሸው አውቶሞቢል «ተሳቢ» ተብሏል። እውነተኛው ተሳቢ በተለምዶ መብራቶቹ ከሚስበው መኪና ቮልት ጋር እንዲስማሙ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ኮረንቲያቸውንም የሚያገኙት ከዚያው መኪና ነው። የተበላሸው አውቶሞቢል ግን የራሱ ባትሪ፣ የራሱ የሽቦ መረብ፣ የራሱ ማብሪያና የራሱ ቮልት ያለው ሙሉ መኪና ነው። «ተሳቢ» የሚለውን ቃል ያነበበ ባለሙያ የመብራቱ ቮልት እንደሚስማማ አድርጎ ቢገምት ከልምዱ ተነሥቶ ነው። ስለሆነም «ተሳቢ» ሞተር ለሌለው ብቻ እንዲቀር፣ የተበላሸው አውቶሞቢል «ተጎታች መኪና»፣ የሚጎትተው «ጎታች መኪና» እንዲባሉ ሐሳብ እናቀርባለን። «ተጎታች» ብቻውን በአንዳንድ ጽሑፎች ለተሳቢም ስለሚያገለግል «መኪና» የሚለው ቃል እንዳይቀነስ ያስፈልጋል።

ለ. መብራት፣ ኃይል፣ ቮልት

«መብራት ጠፋ» ስንል የጠፋው አምፖሉ ብቻ አይደለም፤ ምድጃውም ሬዲዮውም ነው። በአማርኛ «መብራት» የሚያበራውም ዕቃ፣ ከእርሱ የሚወጣውም ብርሃን፣ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም ስም ሆኗል። የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱም በሕዝቡ አፍ ለብዙ ዘመን «መብራት ኃይል» ሲባል ኖሯል። ስለዚህ ተርጓሚው በሽቦ የሚሄደውን ሁሉ «ኃይል» ቢለው የሚያስደንቅ አይደለም። በዕለታዊ ንግግር ይህ ጕዳት የለውም። በመመሪያ ውስጥ ግን ሦስት የተለያዩ መጠኖችን በአንድ ስም መጥራት ይሆናል።

ሦስቱን ለመለየት የውኃ ወፍጮን ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ውኃው የሚወርድበት ከፍታ አንድ ነገር ነው፤ በቦዩ የሚያልፈው የውኃ ብዛት ሌላ ነገር ነው፤ ድንጋዩ በየደቂቃው የሚፈጨው እህል ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ከፍታው በቮልት የሚለካው ቮልቴጅ ነው። የውኃው ብዛት በአምፔር የሚለካው ኮረንቲ ነው። የሁለቱ ብዜት የሆነው የሥራ መጠን በዋት የሚለካው ኃይል ነው። ባለ 21 ዋት የሆነ የ12 ቮልት አምፖል 1.75 አምፔር ይወስዳል፤ ባለ 21 ዋት የሆነ የ24 ቮልት አምፖል ግን 0.875 አምፔር ብቻ ይወስዳል። ኃይላቸው እኩል ነው፤ ውስጣቸው ያለው ክር ግን አንድ አይደለም።

የ12 ቮልት አምፖል በ24 ቮልት ላይ ሲገባ በቀላል ስሌት ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ማለትም 84 ዋት ይሆናል። በተግባር ክሩ ሲግል ተቃውሞው ስለሚጨምር ኃይሉ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ይህም ክሩን በቅጽበት ለማቃጠል በቂ ነው። በተቃራኒው የ24 ቮልት አምፖል በ12 ቮልት ላይ ሲገባ ኃይሉ ወደ አንድ ሦስተኛ፣ ብርሃኑ ግን ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል ይወርዳል። የሚቃጠል ነገር የለም፤ የሚሸትም የለም። በጨለማ ጋራዥ ውስጥ ቀይ ፍም ስለሚታይ ሠራተኛው ሥራው የተሳካ ይመስለዋል። በፀሐይ ወይም በዝናብ ግን ያንን ፍም የሚያይ የለም። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የሚከፋው ራሱን ስለማያጋልጥ ነው።

በበኩላችን «ኃይል» በዋት ለሚለካው ብቻ እንዲያገለግል፣ ለመጠኑ «ቮልቴጅ»፣ ለመለኪያው «ቮልት» እንዲባል፣ «ኮረንቲ» የሚለው ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃልም በአምፔር ለሚለካው ፍሰት እንዲጸና እንመክራለን። «ኃይል» እና «ጉልበት» ከአንዱ የፊዚክስ መጽሐፍ ወደ ሌላው ቦታ ስለሚለዋወጡ በሥራ መመሪያ ውስጥ ምን ጊዜም ቁጥሩና መለኪያው አብረው ቢጻፉ ይመረጣል።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። «ባለ 12» እና «ባለ 24» የስም ቁጥሮች ናቸው። ሞተሩ ሲሠራ በባለ 12ቱ መኪና ላይ 14 ያህል፣ በባለ 24ቱ ላይ 28 ያህል ቮልት ይለካል። ተርጓሚው በምንጭ ጽሑፉ 28 የሚል ቁጥር ቢያገኝ ስሕተት መስሎት ወደ 24 እንዳይለውጠው ያስፈልጋል።

ሐ. ያልተቀበረ «መሬት»

በመኪና ላይ ኮረንቲ ወደ አምፖሉ የሚሄደው በሽቦ ሲሆን ወደ ባትሪው የሚመለሰው በአብዛኛው በመኪናው የብረት አካል በኩል ነው። እንግሊዞች ይህን የመመለሻ መንገድ «መሬት» በሚል ቃል ይጠሩታል። ቃሉ እንዳለ ሲተረጐም «ሽቦውን ከመሬት ጋር ያገናኙ» የሚል ትእዛዝ ይወጣል። መኪናው ግን በጎማ ላይ የቆመ ነው፤ ከአፈር ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሊኖረውም አያስፈልግም። ከጣሊያንኛ የመጣው «ማሳ» በበኩሉ የአራሹን ማሳ ያስታውሳል። ስለዚህ ሥራውን የሚናገር ቃል ይሻላል ብለን «መመለሻ» የሚለውን መርጠናል።

ይህ ምርጫ ከቃል ውበት ያለፈ ጥቅም አለው። «መሬት» የተባለው ነገር በሁሉም ቦታ ያለ ይመስላል፤ «መመለሻ» ሲባል ግን አንባቢው «በየት በኩል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱን መኪናዎች የሚያያይዘው የብረት ዘንግ አስተማማኝ መመለሻ አይደለም፤ ዝገትና ቀለም ያቋርጡታል። ስለሆነም ከጎታቹ ኮረንቲ የሚያገኝ መብራት ሁሉ የራሱ የመመለሻ ሽቦ ሊዘረጋለት ይገባል።

ባለሙያው የለመዳቸውን የተውሶ ቃላት በተመለከተ ግን መታገሥ ይበጃል። «ፍሬቻ» በጣሊያንኛ ቀስት ማለት ነው፤ በጋራዥም በመንገድም የታወቀ ስለሆነ «የአቅጣጫ ማመልከቻ መብራት» ለሕግ ጽሑፍ ቀርቶ በመመሪያ ውስጥ «ፍሬቻ» ቢባል የሚሳሳት የለም። «አምፖል» ከ«አምፔር» ጋር የድምፅ እንጂ የዘር ዝምድና የለውም፤ የመጀመሪያው ትንሽ ጠርሙስ ማለት ከሆነ የላቲን ቃል የወረደ ሲሆን ሁለተኛው የፈረንሳዊው ሊቅ የአንድሬ ማሪ አምፔር ስም ነው።

መ. ቁጥርም ይተረጐማል

ቁጥርና ቀለም ከቋንቋ ነጻ ስለሆኑ መተርጐም አያስፈልጋቸውም የሚል እምነት አለ። የተሳቢ ሶኬት ይህን እምነት ያፈርሳል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለባለ 12 ቮልት መኪናዎች በቁጥር 1724፣ ለባለ 24 ቮልት መኪናዎች በቁጥር 1185 የደነገጋቸው ሶኬቶች ሁለቱም ባለ 7 ቀዳዳ ናቸው። የቀዳዳዎቹ ትርጕም ግን ይለያያል።

በባለ 12ቱ፦ 1 የግራ ፍሬቻ፣ 2 የኋላ የጭጋግ መብራት፣ 3 መመለሻ፣ 4 የቀኝ ፍሬቻ፣ 5 የቀኝ የኋላ መብራት፣ 6 የፍሬን መብራት፣ 7 የግራ የኋላ መብራት ነው።

በባለ 24ቱ፦ 1 መመለሻ፣ 2 የግራ የኋላ መብራት፣ 3 የግራ ፍሬቻ፣ 4 የፍሬን መብራት፣ 5 የቀኝ ፍሬቻ፣ 6 የቀኝ የኋላ መብራት፣ 7 የተሳቢው ፍሬን መቆጣጠሪያ ነው።

እንግዲህ «ቁጥር 1» በአንዱ መመለሻ፣ በሌላው የግራ ፍሬቻ ከሆነ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። ቀለምም እንዲሁ ነው። በሁለቱም ደንቦች ነጭ ሽቦ መመለሻ፣ ቡናማው የቀኝ የኋላ መብራት ሲሆን፣ በጀርመን መኪናዎች ውስጥ ግን መመለሻው ቡናማ ነው። በአንጻሩ በጀርመኑ የደረጃ ደንብ 31 መመለሻን፣ 54 የፍሬን መብራትን፣ 58 የኋላ መብራትን የሚያመለክቱት በቮልቱ ልዩነት ሳይለወጡ ነው። እነዚህ እንደ እውነተኛ የሙያ ቃላት ሊቈጠሩ ይገባል፤ ሊተረጐሙም ሊቀየሩም አይገባም።

የምንጭ ጽሑፉ አገርም መታወቅ አለበት። በአውሮፓ የሚሠሩ ከባድ የጭነት መኪናዎች በጠቅላላው ባለ 24 ሲሆኑ የአሜሪካዎቹ ከባድ መኪናዎች በአብዛኛው ባለ 12 ቮልት ናቸው። ስለዚህ የአሜሪካ መመሪያ ጎታችና ተጎታች በቀጥታ ይገናኙ ሲል የቮልት ልዩነት እንደሌለ በልቡ ይዞ ነው። በዚያ አገር በብዙ አውቶሞቢሎች የፍሬን መብራትና ፍሬቻ በአንድ አምፖል ስለሚሠሩ የሽቦ ንድፉም የተለየ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለአውሮፓ ሠራሽ መኪና አገልግሎት ቃል በቃል መተርጐም፣ ቃሉ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ መልእክቱን ሐሰት ያደርገዋል።

ሠ. የማገናኛ መንገዶችና ስሞቻቸው

የመጀመሪያው መንገድ የመብራት ሰሌዳ ነው። ከጎታቹ ቮልት ጋር የሚስማሙ አምፖሎች የተገጠሙለት ሰሌዳ በተጎታቹ መኪና ጀርባ ይታሰርና ረጅም ሽቦው ከጎታቹ ሶኬት ይሰካል። የተጎታቹ መኪና የራሱ ሽቦ አይነካም። በአሁኑ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚሠሩ የኤል.ኢ.ዲ. ሰሌዳዎች ስላሉ በሁለቱም ቮልት ማገልገል ይችላሉ። ለአንድ ጊዜ ጕዞ ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። በዘመናዊ አውቶሞቢሎች የኋላ መብራቶች በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ስለሚታዘዙ ከውጭ ኮረንቲ ማስገባት መቆጣጠሪያውን ሊጎዳ ይችላልና።

ሁለተኛው የቮልቴጅ መቀነሻ ነው፤ 24 ተቀብሎ 12 ይሰጣል። የሚችለው የአምፔር መጠን አብረው ከሚበሩት አምፖሎች ድምር መብለጥ አለበት።

ሦስተኛው ሪሌ ነው። ሪሌ በትንሽ ኮረንቲ የሚንቀሳቀስ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። ከጎታቹ የሚመጣው 24 ቮልት የሪሌውን መጠምጠሚያ ብቻ ይቀሰቅሳል፤ አምፖሉን የሚያበራው ከተጎታቹ ባትሪ የሚወጣው 12 ቮልት ነው። ሁለቱ ኮረንቲዎች አይቀላቀሉም፤ የሚተላለፈው መልእክቱ ብቻ ነው። ለግራ ፍሬቻ፣ ለቀኝ ፍሬቻ፣ ለፍሬን መብራትና ለኋላ መብራት አራት ሪሌዎች ያስፈልጋሉ። የተጎታቹ ባትሪ የሞተ ከሆነ ግን መልእክቱ ቢደርስም የሚያበራ አይኖርም።

አራተኛው ሁለት የ12 ቮልት አምፖሎችን በተከታታይ አገናኝቶ 24ቱን እንዲካፈሉ ማድረግ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በመንገድ ላይ ግን አይመከርም። አንዱ ሲቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ። ኃይላቸው ካልተስተካከለም ክፍፍሉ እኩል አይሆንም፤ ባለ 21 ዋትና ባለ 5 ዋት አምፖሎች በተከታታይ ቢገናኙ በቀላል ስሌት ባለ 5ቱ ከ24 ቮልት ውስጥ 19 ያህሉን ወስዶ ይቃጠላል።

«ተከታታይ» ተስማሚ ቃል ነው። ተቃራኒው «ትይዩ» መባሉ ግን ያጠያይቃል። በጂኦሜትሪ ትይዩ መስመሮች ፈጽሞ አይገናኙም፤ በኤሌክትሪክ ትይዩ የተባሉት መንገዶች ግን በሁለቱም ጫፍ የግድ ይገናኛሉ። ጽሑፉ ለሠራተኛ ከሆነ «ጎን ለጎን» ማለቱ ይበጃል።

ረ. የታረመው ጽሑፍ

ያ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ከላይ በተገለጸው መሠረት ታርሞ እንደሚከተለው ተጽፏል።

«1. የጎታቹንና የተጎታቹን መኪና ቮልቴጅ ከየባትሪያቸው ላይ ለኩ። ጎታቹ ሁለት ባትሪ ካለው በሁለቱ ጫፎች መካከል ለኩ። 2. ሁለቱ ቮልቴጆች ካልተስማሙ የተጎታቹን መኪና መብራት ከጎታቹ ጋር በቀጥታ አታገናኙ፤ የመብራት ሰሌዳ ተጠቀሙ። 3. በሰሌዳው አምፖል ላይ የተጻፈው ቮልት ከጎታቹ ጋር መስማማቱን አንብቡ፤ የዋቱ እኩልነት ብቻ አይበቃም። 4. መመለሻውን በሽቦ አገናኙ፤ በመጎተቻው ብረት አትተማመኑ። 5. ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የኋላ መብራቱን፣ የፍሬን መብራቱን፣ የግራና የቀኝ ፍሬቻውን በየተራ ይመልከት።»

አዲሱ ጽሑፍ ከቀድሞው በብዙ ይረዝማል። «የተሳቢው ኃይል» በሚል አጭር ሐረግ ተጨምቀው የነበሩት ነገሮች ግን አምስት መሆናቸው እዚህ ላይ ይታያል። የቃላት ማሳጠር የሚመሰገነው የተጠቃለለው ነገር አንድ ሲሆን ነው።

ከዚህ ልምድ ሦስት የሥራ ደንቦች አውጥተናል። አንደኛ፣ በአንድ መመሪያ ውስጥ አንድ ቃል ሁለት ነገር አይጠራም፤ አንድ ነገርም በሁለት ቃል አይጠራም። ሁለተኛ፣ ሠራተኛው በትክክል የሚጠቀምበት የተውሶ ቃል በአዲስ ስያሜ አይተካም፤ አዲስ ስያሜ የሚፈለገው ነባሩ ቃል ሲያሳስት ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ የሙያ ጽሑፍ ሳይታተም በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሰው እያነበበ ይሠራው፤ አራሚውም አጠገቡ ቆሞ ይመልከት። ሦስተኛውን ደንብ ቀድመን ይዘን ቢሆን ኖሮ አምፖሎቹ ባልተቃጠሉ ነበር።

ከላይ ያቀረብናቸው ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። «መመለሻ» እና «ጎን ለጎን» በተለይ በጋራዥ ውስጥ ሊፈተኑ ይገባል። ይህን የሚያነቡ ተርጓሚዎች በየሥራቸው ሞክረዋቸው፣ ሠራተኛው በምን ቃል እንደ ተግባባና በምን ቃል እንደ ተሳሳተ ቢያስታውቁን ለሚቀጥለው እትም በምስጋና እንቀበላለን።